ውዝፍ ደመወዝ

የባንክ ሥራ አንድ ክፉ ልማድ ያስይዛል፤ ያዩትን ሁሉ ማካፈል። ይህን ያህል ብር ለዚህን ያህል ወር፣ ይህን ያህል ወለድ ለዚህን ያህል ዋና። ግጥም ልጽፍ በተቀመጥኩበት ሌሊት እንኳ ስንኞቹን መቁጠሬን ትቼ ደብተሩ ለገጽ ስንት ሳንቲም እንደወጣበት ሳሰላ ራሴን ያገኘሁበት ጊዜ አለ። (ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ትስቃለች፤ እኔን ግን ብዙም አያስቀኝም።)

በዚህ ልማዴ የተነሣ ነው እንግዲህ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ኖቬምበር ወር መጨረሻ ላይ ኮቢ ብራያንት ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋር አዲስ ውል መፈረሙን ስሰማ እርሳስ ያነሣሁት። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሁለት ዓመት ውል ነው፤ 48.5 ሚሊዮን ዶላር። ተጫዋቹ 35 ዓመቱ ነው። ከሰባት ወር በፊት የግራ ተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ከዚያ ወዲህ አንድም ጨዋታ አልተሰለፈም። ውሉ ሥራ ላይ የሚውለው ደግሞ ገና በሚቀጥለው የውድድር ዘመን፣ 36 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ባንክ ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴን መያዜ ነበር። ብድር ክፍል መድበውኝ የተበዳሪን የመክፈል ዐቅም የምናሰላበትን ቅጽ እንደ አዲስ ፍቅር እወደው ነበር። ኮቢንም በዚያው ቅጽ አስገባሁትና በማስታወሻ ደብተሬ ኅዳግ ላይ «ይህ ብድር አይፈቀድም» ብዬ ጻፍኩ። ዓመታት አለፉ፤ ሰውየውም በጃንዋሪ 26 ቀን 2020 ከልጁ ከጂያናና ከሌሎች ሰባት ሰዎች ጋር በሄሊኮፕተር አደጋ ከዚህ ዓለም ተለየ። ደብተሩን ቤት ስናጸዳ አገኘሁት። ስሌቱን ደግሜ አየሁት፤ አልተሳሳትኩም። ፍርዱ ግን ጎረበጠኝ። ይህን የምጽፈው የጎረበጠኝን ነገር ለማወቅ ነው።

በመጀመሪያ ጅማቱ የተበጠሰበትን ሌሊት ላስታውስ። ኤፕሪል 12 ቀን 2013፤ ከጎልደን ስቴት ዋሪየርስ ጋር። ሌከርስ ወደ ጥሎ ማለፉ ለመግባት የሞት ሽረት ትግል ላይ ነበር፤ የ34 ዓመቱ ኮቢም ለብዙ ጨዋታዎች ዕረፍት ሳይወስድ ሙሉ ሰዓት ሊባል በሚችል መጠን ሜዳ ላይ ሲቆይ ሰንብቷል። ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ተከላካዩን አልፎ ሊሄድ ሲነሣ እግሩ ከዳው። ጥፋት ተይዞለት ስለነበር ሁለት ነጻ ውርወራ ነበረው። በተበጠሰ ጅማት ወደ መስመሩ ሄዶ ሁለቱንም አገባና በራሱ እግር ከሜዳ ወጣ። ሌከርስ 118 ለ116 አሸነፈ። በዚያ የውድድር ዘመን በአማካይ 27.3 ነጥብ ያገባ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ እንዲህ የተጫወተ ሰው እምብዛም አይገኝም። ከሌከርስ ጋር በ1996 ከጀመረ 17 ዓመት፣ አምስት ዋንጫ።

ለዚህ ሰው ነው ክፍያው የተወሰነው። ይገባዋል? የስፖርት ጸሐፊው ይህን ጥያቄ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊመልሰው ይችላል፤ እግሩ ያበቃ ሰው 48.5 ሚሊዮን አይገባውም። ነገር ግን ይኸው ጥያቄ በዚሁ ቡድን ቤት ከዚያ በፊትም ተጠይቆ ያውቃል፤ መልሱም በየዘመኑ ሌላ ነበር።

ኤልጂን ቤይለርን እናንሣ። ሌከርስ ገና ሚኒያፖሊስ ሳለ በ1958 የመጣ፣ ከቡድኑ ጋር ወደ ሎስ አንጀለስ የተሰደደ፣ በአየር ላይ መንሳፈፍን ለቅርጫት ኳስ ያስተማረ ሰው ነው ይባልለታል። ስምንት ጊዜ ለመጨረሻው ፍልሚያ ደርሶ ስምንቱንም ተሸንፏል። በ1965 ጉልበቱ ተሰበረ፤ በ1970 ደግሞ ልክ ኋላ እንደ ኮቢ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ፤ በዚያ የውድድር ዘመን ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። በ1971 መኸር ተመለሰ። ዘጠኝ ጨዋታ ተጫወተ። አሰልጣኙ ቢል ሻርማን ወጣቱን ጂም ማክሚሊያንን በቦታው ማሰለፍ ፈልጎ ነበርና፣ ቤይለር በ37 ዓመቱ፣ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ፣ «በቃኝ» አለ።

ቀጥሎ የሆነውን ልብ ወለድ ላይ ባነበው ደራሲው አበዛው እል ነበር። ቤይለር በለቀቀ ማግስት ሌከርስ ማሸነፍ ጀመረ፤ አላቆመምም። እስከ ጃንዋሪ 1972 ድረስ 33 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ እስከ ዛሬ በኤን.ቢ.ኤ. ታሪክ ያልተደፈረ ቁጥር። በዚያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። ለቤይለር የሻምፒዮና ቀለበት ሰጡት፤ ጣቱ ላይ ሲያጠልቀው ምን እንደተሰማው እኔ አላውቅም፤ ግጥም የሚጽፍ ሰው ግን ያን ቅጽበት ማሰቡን መተው አይችልም። ሐውልቱ ከስታዲየሙ ደጃፍ የቆመው በ2018 ነው፤ ከለቀቀ ከ46 ዓመት በኋላ።

እንግዲህ በ1971 መልሱ ይህ ነበር፤ ያረጀ ይውጣ፣ ቡድኑ ይኑር። እውነትም ኖረ። በቁጥር ቢታይ ከቤይለር መሄድ የተሻለ ውሳኔ አልነበረም። ያን ጊዜ ለተጫዋች ከሜዳ ሲወጣ ምን ይቀርለት ነበር? ይህም የራሱ ታሪክ አለው። በጃንዋሪ 14 ቀን 1964 በቦስተን ሊደረግ በነበረው የከዋክብት ጨዋታ ላይ፣ የቴሌቪዥን ካሜራ ተተክሎ፣ ተመልካች ተሰብስቦ፣ ተጫዋቾቹ ከመልበሻ ክፍል አንወጣም አሉ። የጠየቁት ምን መሰላችሁ? የደመወዝ ጭማሪ አይደለም። ጡረታ ነው። ቤይለርና ጓደኛው ጄሪ ዌስት ከአመፀኞቹ መካከል ነበሩ። የሊጉ ፕሬዚዳንት ዋልተር ኬኔዲ የጡረታው ነገር እንደሚፈጸም ቃል ከገባላቸው በኋላ ነው ወደ ሜዳ የወጡት። በምድር ላይ ከሁሉ የተሻሉ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች፣ ሀያና ሠላሳ ዓመት የሆናቸው ጎረምሶች፣ ስለ እርጅናቸው ሲሟገቱ ሳስብ ደስ ይለኛል። ባንክ ቤት ውስጥ በዚያ ዕድሜ ስለ ጡረታ የሚያስብ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እኔንም ጨምሮ።

ከዚያ ኦስካር ሮበርትሰን መጣ። የተጫዋቾች ማኅበር መሪ ሆኖ በ1970 ሊጉን ፍርድ ቤት አቆመው፤ ተጫዋች ለአንድ ቡድን እንደ ርስት ተቆጥሮ ዕድሜ ልኩን የማይታሰርበትን መንገድ የከፈተው ስምምነት የተደረሰው በ1976 ነው። ተጫዋቾች ዋጋቸውን መጠየቅ ሲጀምሩ ባለቤቶቹ ደነገጡ፤ በ1983 ከማኅበሩ ጋር ተስማምተው የደመወዝ ጣሪያ የሚባል ነገር አቆሙ። ተግባር ላይ በዋለበት በ1984–85 የአንድ ቡድን ጣሪያ 3.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለቡድን እንጂ ለግለሰብ ጣሪያ አልነበረም። የራስህን ነባር ተጫዋች ለማስቀረት ግን ጣሪያውን ማለፍ ትችላለህ፤ ይህ ቀዳዳ በቦስተኑ ላሪ በርድ ስም ይጠራል።

በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ያለፈው ትልቁ ሰው ማይክል ጆርዳን ነው። ጆርዳን በ1988 የስምንት ዓመት፣ የ25 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ ነበር፤ በዓለም ላይ ስሙን የማያውቅ ልጅ በጠፋበት ዘመን፣ በ1995–96፣ ደመወዙ 4 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ውሉ ሲያልቅ ቺካጎ ቡልስ ለአንድ ዓመት 30 ሚሊዮን፣ ለሚቀጥለው ደግሞ 33 ሚሊዮን ከፈለው። የቡድኑ ሁሉ ጣሪያ በ1997–98 26.9 ሚሊዮን ነበር፤ አንዱ ሰው ብቻውን ከጣሪያው በላይ! ጆርዳን ያን ጊዜ 34 አልፎታል። ሰው ሁሉ ግን ነገሩን ያወቀው ይመስለኛል። ያ ገንዘብ የዚያ ዓመት ብቻ አልነበረም። በእኛ በባንክ ሰዎች ቋንቋ ውዝፍ ነበር።

ይህች «ውዝፍ» የምትል ቃል ናት ደብተሬን ዳግመኛ ያስከፈተችኝ። እኔ በ2013 ኮቢን ያሰላሁት እንደ አዲስ ተበዳሪ ነበር፤ የወደፊቱን ብቻ አይቼ። ባንኩ ራሱ ባለ ዕዳ ሊሆን እንደሚችል አላሰብኩም።

እስቲ ወደ ኋላ እንሂድ። ከጆርዳን ክፍያ በኋላ ባለቤቶቹ በ1998 በሩን ቆለፉ፤ ጨዋታ ለወራት ተቋረጠ፤ የ1998–99 ውድድርም በ50 ጨዋታ ብቻ አለቀ። ከዚያ ድርድር የወጣው አዲሱ ሕግ ለግለሰብም ጣሪያ አበጀ፤ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ቢበዛ ከቡድኑ ጣሪያ 35 ከመቶ ገደማ፣ ከዚያ በታች ያገለገለው ደግሞ ያነሰ። የዚህ ሕግ ሙሉ ሸክም ያረፈው በኮቢ ትውልድ ላይ ነው። ኮቢ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ሲመጣ የመጀመሪያው ውሉ ለሦስት ዓመት 3.5 ሚሊዮን ነበር። በጃንዋሪ 22 ቀን 2006 በቶሮንቶ ላይ 81 ነጥብ ያገባበት፣ በአማካይ 35.4 ነጥብ ያስቆጠረበት ዓመት ደመወዙ 16 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በዚያ ዘመን ነጻ ገበያ ቢኖር ስንት ይጠራ ነበር? ማንም አያውቅም፤ የሰውን ዋጋ ሕግ ሲወስነው እውነተኛው ዋጋ ከመዝገብ ይጠፋል። ሕጉ ግን አንድ ነገር አደረገ፤ ምርጡን ሰው በጉልበቱ ዘመን ከሚገባው በታች፣ ጉልበቱ ሲደክም ደግሞ ከሚሠራው በላይ የሚከፍል መሰላል ሠራ። በወጣትነት የተቀማ በእርጅና ይመለሳል፤ ጤና ከተገኘ፣ ቡድኑም ከታመነ።

ሌከርስ ደግሞ በዚህ ረገድ የታመነ ቤት ነበር። ቡድኑን በ1979 የገዛው ጄሪ ባስ በ1981 ለማጂክ ጆንሰን የሰጠው ውል እስካሁን ሲወራ ይኖራል፤ 25 ዓመት፣ 25 ሚሊዮን ዶላር፣ ክፍያው ከ1984 የሚጀምር። ማጂክ ያን ጊዜ 21 ዓመቱ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ ድረስ በዓመት አንድ አንድ ሚሊዮን! ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው ሰው ኳስ አይጫወትም፤ ይህን ባስ ጠንቅቆ ያውቃል። ያ ውል ደመወዝ አልነበረም፤ የቤተሰብነት ወረቀት ነበር። ሌሎቹ ተጫዋቾች ቅር ቢላቸውም ኋላ ክፍያው ሁሉ እየናረ ሲሄድ ውሉ ርካሽ ሆኖ ቀረ።

ባስ በፌብሩዋሪ 2013 ሞተ። የኮቢን ጅማት መበጠስ አላየም። ቡድኑን ልጆቹ ያዙት፤ በዚያው ክረምት ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ድዋይት ሃዋርድ ጥሏቸው ወደ ሂዩስተን ሄደ። አባታቸው በሞተ በዘጠኝ ወር ለአባታቸው ልጅ ለነበረው ተጫዋች ይህን ውል ሰጡት። ከሁለት ዓመት በፊት በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር የ20 ዓመት የቴሌቪዥን ስምምነት ተፈርሟል፤ ያ ጣቢያ ማታ ማታ የሚታይ ፊት ይፈልጋል። ልጆቹ በፍቅር ይሁን በስሌት እንደፈረሙ አልፈርድም፤ ምናልባት ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩ።

ውሉስ ምን አፈራ? ይህን ባጭሩ ልለፈው፤ ያማልና። ገና ውሉ ሳይጀምር፣ በዲሴምበር 2013 በተመለሰ በስድስተኛው ጨዋታ የጉልበቱ አጥንት ተሰነጠቀ። በ2014–15 በ35 ጨዋታ 22.3 ነጥብ እያገባ ከወረወረው ግን 37 ከመቶ ብቻ ነበር የሚገባው፤ በነጥብ ድምር ጆርዳንን የበለጠው በዚያ ዓመት ነው፤ ትከሻው የተቀደደውም በዚያው ዓመት። በ2015–16 በ66 ጨዋታ 17.6 ነጥብ፣ ከመቶ 36 ገደማ። በሁለቱ ዓመታት ከ164 ጨዋታ 101 ተጫወተ፤ ቡድኑ አሸንፎ የወጣው 38 ጊዜ ነው። የመጨረሻው ዓመት 17 ለ65 የሌከርስ ታሪክ ከሁሉ የከፋው ውጤት ሆኖ ተመዘገበ። እርሳሴ እንዲህ ይላል፦ ለአንድ ጨዋታ 480 ሺህ ዶላር ገደማ፤ ለአንድ ነጥብ ወደ 25 ሺህ።

ሌላ ምሳሌ አለ፤ ተቃራኒውን ለማየት ይረዳል። በሳን አንቶኒዮ ቲም ደንከን ከኮቢ በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ እሱም ለአንድ ቡድን ብቻ የኖረ፣ አምስት ዋንጫ ያለው ነው። በ2011–12 ደመወዙ 21 ሚሊዮን ነበር። በ2012 ውሉን ሲያድስ በዓመት 10 ሚሊዮን ገደማ ተቀበለ፤ በ2014 በ38 ዓመቱ አምስተኛ ዋንጫውን አነሣ። በ2015 ደግሞ ወደ 5 ሚሊዮን ዝቅ አለ። በዚያው ክረምት ሌከርስ ደጅ የጠናው ላማርከስ ኦልድሪጅ የሄደው ወዴት ነው? ወደ ሳን አንቶኒዮ፤ ደንከን በለቀቀው ቦታ።

ይህን ሲያዩ ብዙዎች «ደንከን ደግ፣ ኮቢ ስግብግብ» አሉ። እኔ ይህን ፍርድ ድሮም አልወደድኩትም፤ ዛሬም አልወደውም። ሠራተኛ ከሚገባው በታች እንዲቀበል መጠየቅ፣ ያውም ለባለጸጋ አሠሪ ትርፍ፣ እንደ ምግባር ሊቆጠር አይገባም። ደግሞም እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ሌከርስ በ2014 ክረምት ከኮቢ ውል ጋር ለአንድ ትልቅ ኮከብ ሙሉ ክፍያ የሚበቃ ቦታ ነበረው፤ ካርሜሎ አንቶኒን ጠየቁት፣ እሱ ግን ኒው ዮርክ መቅረትን መረጠ። የመጣ ጠፋ እንጂ የሚከፈል አልጠፋም። የቡድኑን መውደቅ ሁሉ በአንድ ውል ማሳበብ ሰነፍ ሂሳብ ነው።

ቢሆንም አንድ የማይታለፍ ነገር አለ፤ የጎረበጠኝም እሱ ነው። የ2014–15 የቡድን ጣሪያ 63 ሚሊዮን ነበር፤ ከዚህ የኮቢ ብቻ 23.5፣ ማለትም 37 ከመቶ። የሚቀጥለው ዓመት ጣሪያ 70፤ የኮቢ 25። ጣሪያ ባለበት ቤት የአንዱ ደመወዝ ከባለቤቱ ኪስ ብቻ አይወጣም፤ ከባልደረቦቹ ድርሻ ይቀነሳል። ውዝፉ የባለቤቱ ዕዳ ሆኖ ሳለ ክፍያው በሌሎቹ ተጫዋቾች መደብ ላይ ተጻፈ። በእኛ ሥራ ይህ የታወቀ ስሕተት ነው። ገንዘቡ ልክ ነው፤ ተቀባዩም ልክ ነው፤ የተመዘገበበት ሂሳብ ግን የሌላ ሰው ነው። ማጂክ በ1981 የጣሪያ ሕግ ሳይወጣ ያገኘው ዓይነት ወረቀት፣ ቤይለር በ1971 ባዶ እጁን ሲወጣ ሊሰጠው ይገባ የነበረው ዓይነት፣ ለኮቢ የሚጻፍበት መዝገብ አልነበረም። ሕጉ ለምስጋና የሚሆን ዐምድ አልሠራምና ምስጋናው በደመወዝ ዐምድ ገባ። በዚያ ዐምድ ስር ደግሞ የ19 ዓመቱ ዲአንጀሎ ረስልና ጓደኞቹ የመጀመሪያ ዓመታቸውን እየተሸነፉ፣ በሰው ሽኝት ላይ እንደ አጃቢ አሳለፉ።

ስለዚህ በደብተሬ ኅዳግ ላይ «አይፈቀድም» ያልኩት ስሕተት ነበር። መጻፍ የነበረብኝ «ተከፋይ፤ ከሌላ ሂሳብ» ብዬ ነው።

ስለ ሌላው ሰው ስሟገት የራሴን እጅ ብደብቅ ነውር ይሆናል። በቅርንጫፋችን ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ገንዘብ ከፋይ ነበሩ። የብር እስር በአውራ ጣታቸው ሲገልጡ የቁጠራ ማሽን ያስንቁ ነበር፤ የደንበኛን ፊርማ ወረቀቱን ሳያገላብጡ ይለዩ ነበር። የጡረታ ጊዜያቸው ሲደርስ ለአንድ ዓመት በኮንትራት ይቆዩ ወይስ ይሂዱ የሚል ነገር ተነሣና ወጪውን እንዳሰላ እኔ ታዘዝኩ። በእሳቸው ደመወዝ ሁለት አዲስ ምሩቅ መቅጠር እንደሚቻል አሳምሬ ጻፍኩ። ስሌቱ ልክ ነበር። ጋሼ ሄዱ፤ ሁለቱ ልጆችም መጡ፤ ጎበዞች ናቸው። ጋሼ ማን እንዳሰላው ያውቁ እንደሆነ እስካሁን ጠይቄያቸው አላውቅም።

በኖቬምበር 29 ቀን 2015 ኮቢ በዚያ የውድድር ዘመን ፍጻሜ ጫማውን እንደሚሰቅል አስታወቀ። ያስታወቀው በግጥም ነው! ለኳሱ የተጻፈ ደብዳቤ። በዚያው ምሽት ለተመልካቹ በፖስታ ታሽጎ ከታደለው መልእክት ጋር ወደ ሜዳ ገብቶ ከኢንዲያና ጋር ተጫወተ፤ ከሀያ ውርወራ አራት ብቻ አገባ፤ ተሸነፉም። እኔ ግጥሙን ያነበብኩት በምሳ ሰዓት፣ በባንኩ የኋላ ክፍል፣ በስልኬ ነው። እንደ ገጣሚ ነኝ ባይ ልፍረድ ካላችሁኝ፣ ግጥሙ ተራ ነው። ቤት አይመታም፤ ዘይቤው የተለመደ ነው፤ የአባቱን ካልሲ ጠቅልሎ እየወረወረ በሐሳቡ ጨዋታ የሚያሸንፍ የስድስት ዓመት ልጅ አለበት። ለአንድ መጽሔት አዘጋጅ በብዕር ስም ቢላክ ይመለስ ነበር። ቢሆንም ከእኔ ግጥሞች መካከል አንዳቸውም የሌላቸው ነገር አለው፤ የሚናገረው አካል እውነተኛ ነው። ልቡ ገና እየፈለገ ሰውነቱ ግን የመለያየት ሰዓት መድረሱን እንዳወቀ የሚናገርበትን ቦታ በ4 ለ20 ምሽት ያነበበ ሰው፣ ስንኙ ዋስትና እንዳለው ያውቃል። ግሌን ኪን በሥዕል አንቀሳቅሶት፣ ጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ ሠርቶለት፣ በማርች 2018 በአጭር አኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር ተሸለመ። ያ ሽልማት ከ48.5 ሚሊዮኑ ውስጥ ይቆጠር ይሆን? እርሳሴ መልስ የለውም።

የመጨረሻው ጨዋታ ኤፕሪል 13 ቀን 2016 ምሽት ነበር፤ በእኛ ማግስቱን ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል። በተቆራረጠ የኢንተርኔት መስመር፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አየሁት። ተጋጣሚው ዩታ ጃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ውርወራዎች ሲስቱ ስልኬን ልዘጋው ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ መግባት ጀመሩ። 50 ጊዜ ወረወረ፤ ሀምሳ! እንዲህ ያለ ስግብግብነት በማንኛውም ሌላ ምሽት የሚወገዝ ነው። 22ቱ ገቡ። በመጨረሻው ሩብ ብቻ 23 ነጥብ አስቆጠረ፤ በጠቅላላው 60፤ በ37 ዓመቱ፣ በዚያ ተረከዝ፣ በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ትከሻ። 59ኛውና 60ኛው ነጥብ ሁለት ነጻ ውርወራ ነበሩ፤ በ2013 እንዳገባቸው ሁለቱ። ጥቂት ሴኮንድ ሲቀር ኳሱ እጁ ገባች። ሕዝቡ ሁሉ ደግሞ እንዲወረውር ይጮኻል። እሱ ግን በረጅሙ ወደ ፊት ለብቻው ወደሚሮጠው ወጣቱ ጆርዳን ክላርክሰን ላካት፤ ክላርክሰንም ዘሎ ሰካት። 101 ለ96። የ20 ዓመት ሥራው መጨረሻ ለሌላ ሰው የተሰጠች ኳስ ሆነች።

ታጥቤ ወደ ሥራ ሄድኩ። የዚያን ቀን ከመስኮቱ ኋላ ያለው ልጅ ስለታመመ እኔ ተተክቼ ነበር። ረፋዱ ላይ ጋሼ ከሰልፉ ወጡ፤ ከመስኮቱ ወዲያ በኩል ሲቆሙ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ገንዘብ ሊያወጡ መጥተዋል። እንቅልፍ ባልጠገበ እጄ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሰጠኋቸው። እሳቸውም አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው እርጥብ አድርገው እዚያው ፊት ለፊቴ ቆጠሩት፤ ከእኔ በግማሽ ሰዓት ፈጥነው። ከዚያ አንዷን ኖት ከመሃል መዘው በመስኮቱ ስር ወደ እኔ ገፏት።

«አንድ አብዝተሃል፣ ልጄ» አሉኝ።